ጋሪው ሰባታሚት ድረስ ይዘልቃል?

እንደው ለእኔ ብቻ ነው ወይስ ባሕር ዳር የሕፃን ጋሪ በዝቶባታል? ድሮ የሕፃን ጋሪ የምናየው በፊልም ነበር፤ አለዚያም ለበዓል ከውጭ የመጣ ዘመድ ሲገፋ ነው። አሁን ግን እሑድ አመሻሽ ላይ ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ወጣ በሉማ! በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይሄ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፤ ከመኪናው ሌላ ለእግረኛና ለብስክሌት ለየብቻ መንገድ አለው። እናላችሁ ሙሽሮች ፎቶ ከሚነሡበት ጎን የሕፃን ጋሪም ፎቶ ይነሣል። ሕፃኑ ተኝቷል፣ ጋሪው ያብለጨልጫል፣ እናትና አባት ፈገግ ብለዋል... ምን ያምራል መሰላችሁ!

እንዲህ ያለ ፎቶ አይታ ነው እንግዲህ ጓደኛዬ "እኔም ጋሪ ልግዛ ነው፤ ነይና አብረን እንምረጥ" ብላ የጠራችኝ። ችግሩ ጓደኛዬ የምትኖረው ድልድዩ ላይ አይደለም። ሰባታሚት ነው።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ሰባታሚት ከባሕር ዳር በስተደቡብ ያለች፣ በከተማው አስተዳደር ሥር የምትቆጠር የገጠር ቀበሌ ነች። "ሰባታሚት ልሄድ ነው" ካላችሁ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ፊቱን ቅጭም አድርጎ "ማን ታስሮባችሁ ነው?" ይላችኋል፤ ማረሚያ ቤቱ እዚያ ነዋ! ሰው ግን ሳይታሰርም ይኖርባታል። የከተማው የቤት ኪራይ መቀመጫ ያሳጣቸው ወጣት ባለትዳሮች ወደዚያ ወደዚያ እየወጡ ነው፤ ጓደኛዬና ባሏም ከነዚሁ ናቸው። ከአስፋልቱ ወርደው ቤታቸው እስኪደርሱ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ አለ፤ በበጋ አቧራና ኮረት፣ በክረምት ጭቃ። በዚያ ላይ የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ልጁ አራት ወሩ ሲሆን ስድስት ኪሎ ገብቷል፤ የእሷ ወገብ ግን ገና አልጠናም። ውጭ አገር ያለ ወንድሟ "ለእህቴ ልጅ መጓጓዣ" ብሎ ገንዘብ ልኳል። እሱም ቢሆን ከአፉ ነጥቆ ነው የላከው፤ ይሄ ብር ላልሆነ ዕቃ ከወጣ ሌላ አይመጣም።

ስለዚህ ሳንገዛ እንሞክር ተባባልን። ከተማ ያለች አንዲት የማውቃት ሴት እንደ ጃንጥላ እጥፍ የሚለውን፣ ጎማው ትንንሹን ጋሪ አዋሰችን። ልጁን ግን አልጫንበትም፤ የሰው ልጅ መሞከሪያ አይደለም። በሱ ፋንታ ስድስት ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል አድርገን፣ በቀበቶው ጠፍረን፣ ጉዞ ጀመርን።

አስፋልቱ ላይ እሰየው ነው፣ በአንድ ጣት ይገፋል። ኮረቱ ላይ ስንገባ ግን የፊት ጎማዎቹ እንደ ሰከረ ሰው ዓይን አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ማየት ጀመሩ። አሥር እርምጃ ሳንሄድ ቡጢ የምታክል ድንጋይ ቀጥ አድርጋ አቆመችን። ጓደኛዬ ገፋ ስታደርገው ጋሪው እንደቆመ ኋላው ብድግ አለና ሽንኩርቱ በቀበቶው ሥር ሾልኮ መንገድ ለመንገድ ተበተነ! ጓደኛዬ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ዋጥ አደረገችው። ምን እንደታያት ገብቶኛል፤ ለእኔም ታይቶኛል። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ለቀማውን ሲያግዙን አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው፣

"ይሄ ደግሞ ምንድነው ልጆቼ?" አሉን።

"የሕፃን ጋሪ ነው አባባ።"

"እህ! ታዲያ ፈረሱስ?"

እውነቱን ለመናገር ጋሪው ጥፋት የለበትም። ይሄ ዓይነቱ ታጣፊ ጋሪ የተፈለሰፈው እንግሊዝ አገር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ነው። የሠራው ሰው የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን የሚያርፍበትን እግር ሲነድፉ ከነበሩት አንዱ ነው። ልጁ የልጅ ልጁን ይዛ ከሞስኮ ስትመጣ በከባድ ጋሪ ስትንገላታ አይቶ፣ ክብደቱ 3 ኪሎ የማይሞላ፣ እንደ አውሮፕላን እግር የሚታጠፍ ጋሪ ሠራላት። ማክላረን በሚል ስም ዓለምን የዞረው እሱ ነው። አያት ነው፣ አዝኖ ነው የሠራው። ግን ያሰበው ስለ ሊሾ ወለል እንጂ ስለ ሰባታሚት ኮረት አልነበረም።

ፊዚክስ ላይ እስከ 12ኛ ክፍል ብዙም ባልገፋበትም ይቺን ግን አውቃለሁ፤ ያው ድንጋይ ለትንሽ ጎማ ግድግዳ ነው፣ ለትልቅ ጎማ ዳገት ነው። ኮረት ላይ የሚኖር ሰው ከጋሪው ቀለም በፊት ጎማውን ጎንበስ ብሎ ይይ።

ሽንኩርታችንን ለቅመን ስንመለስ ስንቅ ይዘው ወደ ማረሚያ ቤቱ የሚሄዱ ሴቶች አለፉን። አንደኛዋ በአንድ እጇ ሳህን፣ በሌላው ፔርሙስ ይዛለች፤ ልጇ ጀርባዋ ላይ በአንቀልባ ታዝሎ እንቅልፉን ይለጥጣል። እኛን የገተረችንን ድንጋይ እንደሌለች ቆጥራ ተሻገረቻት። ሁለታችንም ዝም ብለን አየናት። አንድ እጅ ለስንቅ፣ አንድ እጅ ለፔርሙስ... ጋሪውን በምን እጇ ትገፋው ነበር?

የጓደኛዬ እናት ከአዴት በኩል ሲመጡ ያመጡላት አንቀልባ አለ። ቆዳው ከመልፋቱ የተነሣ እንደ ጨርቅ ሆኗል፣ ዛጎሉ ግማሹ ረግፏል፣ ጓደኛዬን ጨምሮ የቤቱ ልጅ ሁሉ አልፎበታል። ጓደኛዬ ግን ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። "ይዤው ከተማ ብገባ ገጠሬ ይሉኛል" ትላለች። እኔ በዚህ አልስማማም! ፈረንጆቹ ዛሬ በውድ ዋጋ እየገዙ ደረታቸው ላይ የሚያስሩት ማዘያ ሥራው ያው የአንቀልባ ነው። ደግሞ ጣና ዙሪያ ያለው አገር ለጎማ የተሠራ አይደለም። በጀልባ ዘጌ ወርዳችሁ በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ገዳማቱ የሚወስደውን መንገድ አስቡት፤ ድንጋይና ሥር ነው። ጢስ ዓባይን ልታዩ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግራችሁ ስትወጡ ጋሪ ይዛችሁ ከሆነ ጋሪውን የምትሸከሙት እናንተው ናችሁ።

ለእናትየው ስለ አንቀልባ ላስረዳ ስል "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር። ግን የጤና ባለሙያዎች የሚሉትንና እሳቸው የሚሉትን ሳስተያየው ብዙም አይራራቅም። "አንገቱ ሳይጸና በጀርባ አይታዘልም፤ እስከዚያ በእቅፍ ነው" አሉኝ። ባለሙያዎቹ የሚጨምሩት ይሄን ነው፦ ትንሽ ልጅ በየትኛውም ማዘያ ሲያዝ ፊቱ በነጠላም በጋቢም አይሸፈን፤ አገጩ ደረቱ ላይ አይደፋ፣ ትንፋሹ ይታፈናልና። እግሮቹም ተጣብቀው ቁልቁል ከሚንጠለጠሉ ከፈት ብለው፣ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ቢል ለዳሌው ጥሩ ነው።

ታዲያ አንቀልባ ይህን ያህል ከሆነ ለምን ጋሪ? ትሉኝ ይሆናል። ወገቧ ነዋ! ያያት ሐኪም "ለጊዜው ሸክም ይቅርብሽ" ብሏታል። ስድስት ኪሎ ደግሞ ነገ ስምንት፣ ከነገ ወዲያ አሥር ነው። እናትየው ወደ አማቻቸው ዞር ብለው "እንግዲያው አንተ እዘለዋ ልጄ" ቢሉት እንዴት እንደደነገጠ ብታዩት!

"እኔ? በአንቀልባ? ኧረ እማማ፣ ሰው ምን ይለኛል!"

ይሄው ሰው ግን ያንን የተዋስነውን ጋሪ ግቢው ውስጥ ሲያገኘው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ልጁን አስተኝቶ፣ በለሰለሰው ደጃፍ ላይ እያፏጨ ወዲያ ወዲህ ይገፋው ጀመር። ማንም አላዘዘውም። ጎረቤት ሲያየውም አላፈረም፤ እንዲያውም ሰላምታ ሰጠ። ጓደኛዬ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። አንቀልባ በኛ አገር የእናት፣ የአያት፣ የእህት ነው፤ ከሴቶቹ ተርፎ ወንድ ጀርባ ላይ ሲወጣ እምብዛም አላየሁም። እጀታ ያለው ነገር ግን ማሽን ነው፣ ማሽን ደግሞ ወንድ ይገፋዋል! ይሄ አስተሳሰብ ትክክል ነው አላልኩም። ግን የወንድሟ ብር ለምን መዋል እንዳለበት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የምንገዛው ልጁን ብቻ ሳይሆን አባቱንም የሚያንቀሳቅስ ጋሪ ነው።

ስለዚህ ምርጫው ከእጀታው ተጀመረ። ባልየው ቁመተ ረጅም ነው፤ ጎንብሶ የሚገፋ ሰው ሁለተኛ ቀን "ወገቤን" ይላል፣ በዚያ ቤት ደግሞ የታመመ ወገብ አንድ ይበቃል። እጀታው ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን አልን። ቀጥሎ ጎማ። ሦስት እግር ያላቸው፣ በነፋስ የሚሞላ ጎማ ያላቸው ጋሪዎች አሉ፤ ለኮረት የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ከጎማው በላይ ሞላ ካላቸው ደግሞ እሰየው። "ሲፈነዳስ?" አለች ጓደኛዬ። እዚህ ላይ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ መሆኗ ጠቀመን። የብዙዎቹ ጋሪ ጎማ 12 ኢንች ገደማ ነው፤ የትንንሽ ልጆች ብስክሌት ጎማም ያው 12 ኢንች አለው። ስለዚህ ከመነዳሪው ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ አይጠፋም። የማንኛችሁም ጋሪ ቢሆን ከመግዛታችሁ በፊት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ ለከተማችሁ ጠጋኝ እንግዳ የሆነ ቁጥር ከሆነ ተዉት።

ልባሽ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ እንዲህ ያለ አንድ አገኘን። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ጋዜጣው ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ሌላ ይሆናል። አሮጌ ስለሆነ አገላብጠን ፈተሽነው። መቀመጫው ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል ወይ? የአራት ወር ልጅ ራሱን ችሎ አይቀመጥም፤ እስከ ስድስት ወሩ ገደማ መተኛት አለበት። ቀበቶውስ? ሁለት ለትከሻ፣ ሁለት ለወገብ፣ አንድ በእግሮቹ መሐል፣ አምስት መሆን አለበት። ሽንኩርቱን ያፈሰሰብን ጋሪ የወገብ ብቻ ነበረው። ፍሬኑን ይዘን ቁልቁለት ላይ ገፋነው፣ ንቅንቅ አላለም። የሚታጠፍበትን መጋጠሚያ ደግሞ ደጋግመን ከፍተን ዘጋን። ይሄ ቀልድ አይደለም፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ማክላረን አሜሪካ ውስጥ ለሸጣቸው አንድ ሚሊዮን ያህል ጋሪዎች የመጋጠሚያ መሸፈኛ ለማደል ተገዷል፤ የ12 ልጆች ጣት ጫፍ መጋጠሚያው ውስጥ ገብቶ ተቆርጦ ነበርና። ጋሪ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ልጅ አጠገቡ አይቁም።

ባጃጅ ውስጥም ሞከርነው። የፊት ጎማው በአንድ መቀርቀሪያ ይወልቃል፤ ሲታጠፍ ከኋላ ወንበር ላይ ገባ፣ ለአንድ ሰውም ቦታ ተረፈ። ባጃጅ ነጂው "ይሄ ነገር ከኔዋ ጋር እኩል ጎማ አለው እኮ!" ብሎ ሳቀብን።

ለጓደኛዬ ሁለት ነገር አስጠንቅቄያታለሁ። የባሕር ዳር ፀሐይ ሲበረታ ጋሪው ላይ ሻርፕ ወይም ነጠላ አትጣይ፤ ጥላ ይመስልሻል እንጂ ውስጡ ይታፈንና እንደ ምድጃ ይግላል። ሁለተኛ፣ ዘንቢል እጀታው ላይ አታንጠልጥዪ፤ ልጁ የተነሣ ጊዜ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ለገበያ ዕቃ ከሥሩ ኪስ አለው።

አሁን በአስፋልቱና በለሰለሰው መንገድ ልጁ በጋሪው ይተኛል። ኮረቱ ጋ ሲደርሱ፣ ስድስት ወሩን እስኪሞላ እንዳይንገጫገጭ አባቱ ያቅፈዋል፤ ባዶውን ጋሪ ጓደኛዬ ትገፋለች። የልጁን አቀማመጥ ያስተካከለችው አያቱ ነች፤ ባልየው ማቀፍ ይቻላል ብሎ ተስማምቷል፣ ማዘል እንጂ!

ክረምት ሲገባስ? ሰባታሚት በሐምሌና በነሐሴ ጭቃዋ ጫማ ያወልቃል፤ ባለ 12 ኢንችም ቢሆን አይወጣውም። ያን ጊዜ ጋሪው ሚስማሩ ላይ ይሰቀላል፣ አንቀልባው ይወርዳል፤ ጓደኛዬም በዚህ ተስማምታለች። የልጁም አንገት ይጸናል። ማን እንደሚያዝለው ግን ገና አልተወሰነም። ወገቧ እስከዚያ ይሻላት እንደሆነ እንጃ፤ ባልየውን ስጠይቀው "እስቲ ክረምቱ ይግባ" ይለኛል።