አይተንፍሱ

እናቴ ልቧን ታማ ሆስፒታል በተኛች በሦስተኛው ቀን፣ ማለዳ ላይ፣ ወጣቱ ተረኛ ሐኪም ማዳመጫውን ከደረቷ ላይ አኑሮ «እማማ፣ አየር ይሳቡ… አሁን ይያዙት፤ አይተንፍሱ» አላት። በዚያችው ቅጽበት የጋዋኑ ኪስ ጮኸ። ሐኪሙ አንደኛውን የማዳመጫ ጫፍ ከጆሮው ነቅሎ በምትኩ ስልኩን ለጠፈበት። በግራ ጆሮው የእናቴን ልብ፣ በቀኝ ጆሮው የሌላ ሰው ድምፅ ይሰማል።

እናቴ ትንፋሿን ይዛለች። ሐኪም ያዘዛትን ሳታጓድል የምትፈጽም ሴት ናት። እርሱ ስለ ኦክስጅን፣ ስለ መርፌ መጠን ያወራል፤ እርሷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ፈቃድ ትጠብቃለች። ፊቷ ሲለዋወጥ ባየሁ ጊዜ «እማዬ፣ ተንፍሺ!» ብዬ ጮኽሁ። ሐኪሙ ደነገጠ። «ይቅርታ እማማ» አለና ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ እየሮጠ ወጣ።

ንዴቴን ልደብቅ አልችልም። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ «ስልክዎን ይዝጉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ እኔ ምስኪኑ አስታማሚ ታዝዤ ዘግቻለሁ።

የባንክ ሰው ነኝና ቁጥር ካላየሁ ልቤ አያርፍም። ያን ወረቀት ያስለጠፈው ፍርሃት ከየት እንደ መጣ ቆየት ብዬ አነበብሁ። የስልክ ሞገድ የሕክምና መሣሪያዎችን ያውካል የሚል ሥጋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ጥናት በ192 መሣሪያዎች ላይ 300 ሙከራ አድርጎ በሽተኛን የሚጎዳ እክል አላገኘም። በዚያው ዓመት የሆላንድ ተመራማሪዎች ደግሞ ስልክ እጅግ ሲቀርባቸው የሚታወኩ የጽኑ ሕሙማን መሣሪያዎች አግኝተው፣ የአንድ ሜትር ርቀት ይጠበቅ ብለዋል። የእናቴን ትንፋሽ ያቋረጠው ግን ሞገዱ አልነበረም። ስለዚህኛው ማቋረጥ በግድግዳው ላይ የተጻፈ ነገር አላየሁም።

ከሞባይል በፊት ሐኪሞች ፔጀር ነበራቸው። እኔ የማውቀው በፊልም ነው፤ በቀበቶ ላይ የምትንጠለጠል፣ «ጢጥ ጢጥ» የምትል ትንሽ ሣጥን። የኒው ዮርክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1950 እንደ ጀመሯት ይነገራል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 «ከሆስፒታሎቻችን ትውጣ» ብሎ ሲያውጅ፣ በዚያ አገር የጤና አገልግሎት ውስጥ 130,000 ያህል ነበሩ፤ በዓለም ካሉት ከዐሥር አንዱ ማለት ነው። ያረጀች ዕቃ ናት፣ አልከራከርም። ነገር ግን አንድ ጨዋነት ነበራት፤ ትጠራለች እንጂ አታወራም። ሐኪሙ የጀመረውን ትንፋሽ አስጨርሶ፣ ከዚያ ስልክ ወዳለበት ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ተመልሶ መጣ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ጠዋት የደወለችው የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበረች፤ አንዲት ልጅ እግር ሴት መተንፈስ አቅቷት ነው አለኝ። ላኮርፈው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቃል ጠፋኝ።

«ተረፈች?» አልሁት።

«እስካሁን አለች።»

የዚያን ዕለት ሌሊት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ እናቴን ያያት በዚያው በስልኩ ባትሪ ነው። የልብ ምቷ የተነሣበትን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ ቤታቸው ለነበሩት የልብ ሐኪም በቴሌግራም ላከላቸው። ብዙም ሳይቆዩ መለሱ፤ መድኃኒቷ ተለወጠ። እናቴ ጋደም ብላ እንቅልፍ ማግኘት የጀመረችው ከዚያች ሌሊት ወዲህ ነው። ካርዱን ከገዛ ደመወዙ እንደሚሞላ የሰማሁት ደግሞ ከነርሷ ነው።

እንግዲህ ያን ስልክ ምን ልበለው? ልረግመውም ልመርቀውም አልሆነልኝም። ስንኝ ላደርገው ሞከርሁ፤ ሁለት መስመር ጽፌ ቀደድሁት። ጠዋት እናቴን በትንፋሽዋ ያስጠበቀው፣ ሌሊት ትንፋሽዋን የመለሰላት ያው አንድ ዕቃ ነው። ቢሆንም «እማማ፣ ይተንፍሱ» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ይህን ያህል ቅሬታ ዛሬም ከልቤ አልወጣም።

ለነገሩ እኔስ? እኛም ባንክ «በመስኮት ላይ ስልክ ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ሕግ አለን። ሆኖም አንድ ጡረተኛ አባት የደብተራቸውን ነገር እያስረዱኝ ሳለ ስልኬ ሲንቀጠቀጥ፣ ጣቴን ቀስሬ «አንዴ አባቴ» ያልሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። ንግግራቸውን ከመሐል አቁመው፣ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ነበር የጠበቁኝ። የደወለልኝም ጓደኛዬ ነበር፤ የኳስ ውጤት ሊነግረኝ።

እናቴ ዛሬ ደኅና ናት። እሑድ እሑድ ቡና ታፈላልኛለች። ወግ ጀምራልኝ ስልኬ ሲጠራና ሳነሣ፣ ምንም አትልም። ረከቦቱን ትታ ወደ ጣሪያው ታንጋጥጥና አየር ትስባለች፤ ከዚያም ጉንጮቿን ነፍታ ትይዘዋለች፣ እስክዘጋ ድረስ።