ያልላክሁት ፎቶግራፍ

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለ ሰሞን፣ የወንድሜ ልጅ ከአልጋዬ ሥር አራት የብስኩት ጣሳዎችና አንድ የጫማ ካርቶን ጎትታ አወጣች። በውስጣቸው የሃያ ስድስት ዓመት የመንገድ ሕይወቴ ነበር፤ ከ1974 እስከ 2000 የበረራ አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ በየከተማው ያነሳኋቸው ፎቶግራፎች። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የምጠቅሰው በፎቶግራፎቹ ጀርባ የጻፍሁት በዚያ ስለሆነ ነው፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።)

«አክስቴ፣ ይህን ሁሉ ዓለም ከአልጋ ሥር አስተኝተሽ ነው የምትኖሪው?» አለችኝ።

እያንዳንዱን በስካነር እየገለበጠች ለዘመድ ለወዳጅ ልታካፍል ቆረጠች። የእኔ ድርሻ ቀላል ይመስል ነበር፤ የት፣ መቼ፣ ማን የሚለውን መንገር ብቻ። «የት» እና «መቼ» አላስቸገሩኝም። ያስጨነቀኝ «ማን» የሚለው ሆነ።

ፎቶግራፍም እንደ ሰው በየመልኩ ያረጃል። በሰባዎቹ ያሳጠብኋቸው ባለቀለም ወረቀቶች ወደ ቀይ አጋድለዋል፤ አቴናም ቦምቤይም በአንድ የምሽት ጀንበር የተመቱ ይመስላሉ። በኮዳክሮም ስላይድ ያነሳኋቸው ግን ጨለማ ውስጥ ተዘግተው ስለኖሩ ትናንት የታጠቡ ይመስላሉ። ፊልሙ ራሱ ዛሬ የለም። በ1935 ለገበያ ቀርቦ በ2009 መመረቱ ቀረ፤ በአሜሪካ ካንሳስ የነበረው የመጨረሻው ማጠቢያ ቤትም በ2010 መጨረሻ መቀበሉን አቆመ። ያነሳኋቸው ቦታዎችም እንደዚያው ናቸው። የአቴናው ኤሊኒኮን አውሮፕላን ማረፊያ በ2001 ተዘግቷል። ቦምቤይ ከ1995 ወዲህ ሙምባይ ተብላለች።

ከሁሉ በፊት የወንድሜ ልጅ የመረጠችው በ1979 ሮም ላይ የተነሳሁትን ነው። ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንጻ ፊት ለፊት፣ መኪና በሚተራመስበት አደባባይ፣ ሃያ አራት ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት ቆሟል፤ እኔ ከሥሩ ነኝ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1937 የወሰደችው ነው። ካሜራውን የያዘችው ባልደረባዬ «ኧረ ፈገግ በይ!» ብትለኝም ፈገግታው እምቢ አለኝ። ዘመዴን በሰው አገር በር ላይ ቆሞ ያገኘሁት ያህል አፍሬ ነበር። ሐውልቱ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008ም በቦታው ቆመ። የዚያን ጊዜ ይህንን ፎቶግራፍ አውጥቼ ሳየው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የተወሰደ ነገር፣ ቢዘገይም፣ ለባለቤቱ መመለስ እንዳለበት አጥብቄ አምን ነበር። እኔ ራሴ የወሰድሁት ነገር ትዝ አላለኝም።

እናቴ ብትኖር ታስታውሰኝ ነበር። ከበረራ ስመለስ ቡናው እስኪፈላ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ትገላልጣለች። ሕንጻ አትወድም፤ ሰው የሌለበትን ስታይ «ባዶ ቤት ምን ያደርግልኛል?» ብላ ታልፈዋለች። አንድ ጊዜ ከፔኪንግ ያመጣሁትን ይዛ ቆየች። ከብስክሌት ጎርፍ ዳር የአያቷን እጅ የያዘች ሕፃን ዓይኗን አፍጥጣ እኔን፣ ጥቁሯን እንግዳ፣ ታያለች።

«ይህች የማን ልጅ ናት?»

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«ማን ትባላለች?»

«አልጠየቅኋትም።»

«እንዴ! ስሟን ሳትጠይቂ መልኳን ይዘሽ መጣሽ?»

ያኔ ስቄ አለፍሁ። እናቴ በ1991 አረፈች፤ ጥያቄዋ ግን ጣሳው ውስጥ ከፎቶግራፎቹ ጋር ተቀምጦ ቆይቶኛል።

የጫማው ካርቶን የተከፈተው በሦስተኛው ቀን ነው። የወንድሜ ልጅ አንድ ፎቶግራፍ አንስታ «ይህስ ማን ነው?» ስትለኝ እጄ ከስኒው ላይ ቀረ።

በ1984 ለእረፍት ወደ ሰንዓ ሄጄ ነበር፤ የአንዲት ባልደረባዬ ዘመዶች እዚያ ይኖሩ ነበርና። በአሮጌው ከተማ፣ የተጠበሰ ሸክላ ጡባቸው በነጭ ጀሶ የተኳለ ረጃጅም ቤቶች መካከል፣ ባብ አል የመን ከሚባለው ትልቅ በር አጠገብ አንድ ዳቦ ሻጭ ነበር። ካሜራዬን ሲያይ ስምንት ዓመት የሚሆነውን ልጁን ጠርቶ ፀጉሩን በመዳፉ አስተካከለለትና ጎን ለጎን ቆሙ። አነሳኋቸው። ሰውየው ከዳቦ መጠቅለያው ወረቀት ቀድዶ በዐረብኛ አንድ ነገር ጻፈ። ባልደረባዬ ተረጎመችልኝ፤ «አድራሻው ነው። ልጁ ከዚህ በፊት ፎቶ ተነስቶ አያውቅም፣ ላኪልን ይልሻል።» እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «እልካለሁ» አልሁ። ያስከፈለኝ ነገር ስለሌለ የዳቦውን ዋጋም አልቀበል አለኝ።

አልላክሁም። በመጀመሪያ ፊልሙ እስኪያልቅ ካሜራው ውስጥ ቆየ። ከታጠበ በኋላ ሌላ በረራ፣ ሌላ ከተማ መጣ። ቆይቶ ደግሞ አንድ ምቹ ምክንያት አገኘሁ፤ ጽሑፉ ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ቁጥር የለውም፣ ይህ ደግሞ አድራሻ ሊባል አይችልም፣ ብልከውም አይደርስም። ለሰነፍ ምክንያት አይጠፋምና በዚህ ተጽናንቼ ሠላሳ ዓመት አለፈ። በሰኔ 2015 የአሮጌው ሰንዓ ቤቶች በአየር ድብደባ ፈርሰው ሰዎች ሞቱ። በቴሌቪዥን ፍርስራሹን አየሁት። ተነሥቼ ካርቶኑን ለመክፈት ግን አልደፈርሁም።

የወንድሜ ልጅ ከፎቶግራፉ ጀርባ የተጣበቀችውን ቁራጭ ወረቀት አየቻት። በሰፈራችን ከጦርነቱ ሸሽቶ የመጣ የመናዊ የከፈተው ምግብ ቤት አለ፤ «ለእርሱ እናሳየው» አለችኝ። እግሬ እየከበደኝ ሄድሁ።

ሰውየው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። በሰባራ አማርኛው «የሰው ስም አለ፤ የአባት ስም አለ፤ ‹ባብ አል የመን፣ ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ› ይላል» አለኝ።

«የቤት ቁጥር የለውም፤ አይደል?» አልሁት፤ መጽናኛዬን እንዲያጸናልኝ እየለመንሁ።

«ቁጥር ለምን? ዳቦ ሻጭ ነው፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደብዳቤው ይደርሰው ነበር።»

ይደርሰው ነበር። ሰውየው ክፉ አልተናገረኝም፤ ያነበበውን ነገረኝ እንጂ። እኔ ግን ወንበር ስቤ መቀመጥ ነበረብኝ። ሳላስፈቅደው ሻይ አስመጣልኝና ፎቶግራፉን ደጋግሞ አየው። ልጁ በሕይወት ካለ ዛሬ ወደ ሃምሳ ይጠጋል። «አንድ ቅጂ ስጪኝ» አለ በመጨረሻ። «እዚህ አገር ያለ የሰንዓ ሰው አንድ ቀን መጥቶ እዚህ መብላቱ አይቀርም።»

በቋንቋችን ፎቶ «እናነሳለን»። ከልጅነቴ ስናገረው የኖርሁትን ቃል አሁን ገና ሰማሁት፤ የሰው ዕቃ ያነሳ ሰው መልሶ የማኖር ግዴታ አለበት። በጣሳዎቹ ውስጥ ካሉት ሁለት ሺህ ያህል ፎቶግራፎች መካከል በጀርባቸው የሰው ስም የተጻፈባቸው አርባ አንድ ብቻ ናቸው። የወንድሜ ልጅ ያማሩትን አስቀድማ ልታካፍል ፈልጋ ነበር፤ እኔ እነዚያ አርባ አንዱ ይቅደሙ አልኋት። ከመካከላቸው የሰባቱን ባለቤቶች ወይም ልጆቻቸውን እስካሁን አግኝተናል፤ አንዷ ናይሮቢ ሆና እናቷን በሃያ ዓመቷ ስታይ በስልክ አለቀሰች። ለቀሩት፣ ለፔኪንጓም ሕፃን ጭምር፣ በስማቸው ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር እንጽፋለን፤ «ስሟን ሳልጠይቃት ያነሳኋት»።

የሰንዓው ፎቶግራፍ ትልቅ ሆኖ ታትሞ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ ተሰቅሏል። እስካሁን የሚያውቃቸው አልመጣም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ምሳ እበላለሁ። የምቀመጠውም እጁን ሊታጠብ የሚመጣውን ሰው ፊት ማየት ከምችልበት ወንበር ነው።