ሳይጻፍ የቀረው ውል

አዲስ አበባ ውስጥ ትርፍ ክፍሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያከራይ ሰው ክፍሉን ይጠርጋል፣ ቀለም ይቀባል፣ የበሩን ቁልፍ ይለውጣል፣ ከዚያ ለደላላ ይነግራል። ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚከለክል፣ ምን ላይ እንደሚፈርም ግን የሚነግረው የለም። አያቶቻችን ያከራዩ ነበር፤ ከእነሱ የወረስነው ልምድ ግን የለም። ይህ መሆን አልነበረበትም። የምንማርበት ጊዜ ተሰጥቶን ነበር፤ አባከንነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ በፊት የከተማው መሬትና ቤት በጥቂት ባለጸጎች እጅ ስለነበር የተከራዩ ምሬት እውነተኛ ነበር። አዋጁ ግን ቪላ ደርድሮ የሚያከራየውን ባለሥልጣንና ጓሮዋ ውስጥ በሠራቻት አንድ ክፍል ኪራይ ልጆቿን የምታሳድገውን ባል የሞተባትን ሴት በአንድ ስም ጠራቸው። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። የደሃው ኪራይ መቀነሱ አይካድም። ይሁን እንጂ የሚሰበሰበው ገንዘብ ጣሪያ የሚያስጠግን አልነበረምና የቀበሌ ቤቶች ሰው በውስጣቸው እየኖረ አረጁ። ማከራየት ሲከለከል ደግሞ ተከራይን እንዴት እንደሚያስገቡና እንዴት እንደሚሸኙ የሚያውቅ ትውልድ አብሮ ጠፋ።

ቁጭቴ የሚብሰው ግን ከዚህ በኋላ ባለው ነው። ደርግ ወድቆ ሰዉ ክፍሉን በግልጽ ማከራየት ሲጀምር አዲስ ሥርዓት ለመትከል ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ሁሉም ጀማሪ ነበር፤ ሁሉም የሚነገረውን ለመስማት ዝግጁ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ስለ ቤት ኪራይ የሚደነግጉ አንቀጾች ነበሩት። ማን ለሕዝብ አነበባቸው? በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ማን ለጠፋቸው? ቆይቶ ኮንዶሚኒየም መጣ። በዕጣ የደረሳቸው ብዙዎች የባንክ ዕዳቸውን የሚከፍሉበት ሲያጡ ወይ ሙሉ ቤቱን ወይ አንዱን መኝታ ክፍል አከራዩ። ከቁልፉ ጋር አንዲት የኪራይ ውል ናሙና አባዝቶ መስጠት ስንት ይፈጅ ነበር? ያን ሁሉ ጀማሪ አከራይ ለደላላና ለይሉኝታ ተውነው።

ይሉኝታ እስከ የት እንደሚያደርስ ኮተቤ አካባቢ የማውቃቸው አንዲት እናት ቤት ታይቷል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ጡረታው አልበቃ ሲላቸው ልጃቸው ትኖርበት የነበረውን ክፍል ለአንዲት ወጣት አስተማሪ አከራዩ። አስተማሪዋ ውል እንጻፍ ስትላቸው «ልጄ፣ እኔና አንቺ ምን ወረቀት ያስፈልገናል?» አሏት። እንዳሉትም ኖሩ። ማታ ማታ የልጅ ልጃቸውን ታስጠናለች፤ መድኃኒታቸውን ከፋርማሲ ይዛላቸው ትገባለች፤ ጾም ሲፈታ አብረው ይበላሉ። ሁለቱንም የሚያሳድር ኪራይ፣ ሁለቱንም የሚያኖር ፍቅር ነበር።

መጀመሪያ ያጋጫቸው ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው የጋራ ነበርና ሂሳቡ ከፍ ብሎ በመጣ ቁጥር የማን ምጣድ ነው የበላው የሚል ጥርጣሬ ገባ። ቀጥሎ ደላላው መጣ፦ «እማማ፣ ይቺን ክፍል በእጥፍ የሚይዛት ሰው አለኝ፤ በከንቱ ነው የሰጧት።» እሳቸው ጨምሪ አሏት፤ እሷ በደመወዟ አልቻለችም፤ ወር ሲሞላ ዕቃዋን ጭና ወጣች። በእጥፍ የገባው ሰው ጥቂት ከፍሎ፣ የወራት ኪራይና የመብራት ዕዳ ጥሎ ጠፋ። በምን ይጠየቅ? ስሙን እንኳ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ክፍሉ ከዚያ ወዲህ ተቆልፏል። ልጁ አስጠኚ የለውም፤ እናትየዋም የሰው እጅ እያዩ ይኖራሉ።

በእሳቸው ልፈርድ አልችልም። ኑሮ በየወሩ እየናረባቸው፣ ስንት መጨመር እንደሚገባና መቼ እንደሚጨመር የሚነግራቸው ሳይኖር ጆሯቸውን ለመጣው ሰው ሰጡ። አስተማሪዋም አልበደለችም። ጭማሪው መቼና በምን ያህል እንደሚሆን፣ ከመብራቱ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ቢጻፍ ኖሮ ደላላው የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም ነበር። ከሚወዱት ሰው ጋር መፈራረም እንደ ስድብ ይቆጠርብናል። እኔ ግን መፈራረም የሚገባው በተለይ ከሚወዱት ሰው ጋር ነው ባይ ነኝ፤ የማይወዱትን ቢያጡት አያስቆጭምና።

አሁን ራሱን የቻለ ሕግ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። ጥሩ ነው። ግን ደርግ ከወደቀበት ከ1983 እስከ 2016 ስንት ነው? 33 ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ አከራይ ተከራይን እንደ ባለዕዳ፣ ተከራይ አከራይን እንደ ቀማኛ ማየት ለመዱ። ሕጉ መጀመሪያ ላይ ቢመጣ እንደ ጠባቂ በተቀበሉት ነበር። አርፍዶ በመምጣቱ ቤታቸው በአዋጅ ሲወሰድ ያዩ አረጋውያን «መዝግቡ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይደነግጣሉ። እውነታቸውን ነው።

ዛሬ የመጀመሪያ ተከራዩን የሚያስገባ ሰው ይጻፍ፣ ያስመዝግብ፤ የውሃና የመብራቱን ድርሻ፣ የመልቀቂያውን ማስጠንቀቂያ በቁጥር ያስፍር። ያለፈው ግን በዚህ አይካስም። ስንት አስተማሪ፣ ስንት ነርስ፣ ስንት ከክፍለ ሀገር የመጣ ተማሪ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው እየተንከራተተ ወጣትነቱን ጨረሰ! ስንት አዛውንት ጧሪ የሚሆናቸውን ሰው በገዛ እጃቸው አስወጡ! ገንዘብ አጥሮን አይደለም፤ እውቀትም ጠፍቶ አይደለም። ሕጉም፣ ቤቱም፣ ሰዉም እያሉ አንድ ገጽ ወረቀት ነው የነፈግናቸው።