ዕረፍት

በገዋኔ ቀትር ሲሆን ሰውም ከብቱም ከግራር ጥላ ሥር ያርፋል። በዚያ ሐሩር የሚባዝን ጉልበቱን ቶሎ ይጨርሳልና። ታናሽ እህቴ ልቧን በተቀደደች ዕለት ይህ ትዝ አለኝ።

ችላ ያልነው የጉሮሮ ሕመም የልቧን ቫልቭ አበላሽቶባት ነበር። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ በሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ሐኪሙ «ልቧን ለጊዜው እናቆመዋለን» አለኝ። ደሟን ማሽን ተቀብሎ ያዘዋውረዋል፤ ልብ ራሱ ግን ደም ተቋርጦበት እየመታ ከቆየ ስንቁን ጨርሶ ጡንቻው ይጎዳል። ስለዚህ ፖታሲየም ያለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ በልቧ የደም ሥሮች ይገባል። ፖታሲየሙ ምቱን ይገታል፤ ቅዝቃዜው የኦክስጅን ፍላጎቱን ይቀንሳል። ልብን በፖታሲየም የማቆምን ዘዴ በ1955 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የለንደኑ ዴኒስ ሜልሮዝ ነው። የፖታሲየም ጨው ግን በእኛው አፋር፣ በዳሎል ምድርም ተከማችቷል።

እናቴ ከገዋኔ ደውላ «ልቧ እንዴት ሆነ?» አለችኝ። «አረፈ» ልላት ስል ቃሉ አፌ ላይ ቀረ፤ በቋንቋችን ያረፈ አይመለስም። «ትንሽ ጠብቂ» አልኋት።

ማምሻውን እኔው ደወልሁላት።

«እማዬ፣ መምታት ጀምሯል።»