ነጠላዬ ላይ የቀረው ቀይ ቀለም

አያቴ የሰቆጣ ሰው ናት። የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጥቅምት 19 ቀን የሚከበረውን የይምርሐነ ክርስቶስን በዓል ልትሳለም እኔንም አስከትላ ወደ ላስታ ተጓዘች።

ቤተ ክርስቲያኑ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን ካለው ሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ያሠራው ከቅዱስ ላሊበላ በፊት፣ በ12ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የዛጔው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ እንደ ሆነ ይነገራል። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ ልስን የተሸፈነ ድንጋይ እየሆነ ይወጣል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ጧፍ ሲበራ ግን ከግድግዳው ላይ ቅዱሳን ብቅ ይላሉ። እነዚህ ሥዕሎች በአገራችን ካሉት የግድግዳ ሥዕሎች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት መካከል ናቸው።

እኔም ጢስና አቧራ ለሸፈነው ለአንዱ ቅዱስ አዘንኩለት። ሰው ሁሉ ወደ ቅዳሴው ባተኮረ ጊዜ የነጠላዬን ጫፍ በምራቄ አርጥቤ ልብሱን ጠረግሁለት። ይደምቃል ብዬ ነበር፤ ቀለሙ ግን ወደ ነጠላዬ መጣ። ሰቆጣ ስንመለስ አያቴ የወጥ እድፍ መስሏት በእንዶድ አጠበችው። 800 ዓመት ያህል የቆየ ቀይ ቀለም ከእጣቢው ጋር ደጅ ተደፋ።

ይህን ለማንም ሳልናገር ኖሬ ዘንድሮ በቤተ መጻሕፍታችን ስለ አጃንታ አነበብኩ። አጃንታ በህንድ አገር የቡድሃ መነኮሳት የኖሩባቸውና የጸለዩባቸው፣ ከገደል የተፈለፈሉ 30 ያህል ዋሻዎች ያሉበት ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 አንድ የእንግሊዝ መኮንን ካያቸው በኋላ ዝናቸው በዓለም ተሰማ። በግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል የወደዱ ሰዎችም ይደምቅ፣ ይጠበቅም ብለው ቫርኒሽ ቀቡት። ቫርኒሹ ውሎ አድሮ ቢጫ ሆነ፤ ሥዕሉንም አጨለመው።

ይህን ሳነብ ያ ነጠላ ትዝ አለኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዕረፍታችሁ ወደ ዋግና ወደ ላስታ የምትሄዱ ትኖራላችሁ። ጥንታዊ ሥዕልን የሚያጠፋው የሚንቀው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ሳያውቅ እጁን የሚዘረጋ ወዳጅም ያጠፋዋል። ስለዚህ አይታችሁ አድንቁ፤ መጥረጉን ለባለሙያ ተዉለት።

እኔ ግን ለአያቴ ገና አልነገርኋትም። በሚመጣው ጥቅምት አብረን እንሂድ ብላኛለች። መንገድ ላይ እነግራታለሁ።