በጎማ ላይ ያለችው ቤታችን

ነሐሴ ሲጋመስ ጉራጌ ያለበት ቤት ሁሉ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ቅቤው ስንት ኪሎ ይበቃናል፣ የሰንጋው መዋጮ ለማን ስንት ይድረሰው፣ ለአገር ቤት ልጆች ልብስና ጫማ ማን ይግዛ ይባላል። በእኛ ቤት ከዚህ ሁሉ በፊት የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ የሚኒባሷ ጉዳይ።

ባለቤቴ የቸሃ ሰው ነው፤ የትውልድ ቀዬው ከወልቂጤ አልፎ በእምድብር በኩል ነው። ምራቴ ደግሞ የመስቃን ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ቡታጅራ ይኖራሉ። እኔ የተወለድኩት አዲስ አበባ ቢሆንም በነርስነት የመጀመሪያ ምድቤ ወልቂጤ ስለነበረ አገሩን ያወቅሁት ከማግባቴ በፊት ነው። እናም በየዓመቱ መስቀልን በወልቂጤ በኩል እናከብራለን፤ ከዚያ ቡታጅራ ሄደን ሁለት ቀን እናድራለን። አሥራ አንድ ነፍስ ነን። አማቴ፣ እኛ አዶት የምንላቸው፣ ዘጠናን ተጠግተዋል። ትንሹ የልጅ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው።

ሚኒባሷ አሮጌ ቶዮታ ናት። ባለቤቴ ሱቅ በነበረው ጊዜ ዕቃ ያመላልስባት ነበር፤ ሱቁን ሲተው የቤተሰብ ሆነች። አገር ቤት ስንደርስ ደግሞ መኝታ ቤት ትሆናለች። በመስቀል ሰሞን ግቢው ከየከተማው በመጣ ዘመድ ይሞላል፤ የጉራጌ ሣር ቤት የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ያን ሁሉ ሰው አያስተኛም። ስለዚህ ባለቤቴና ወንዶቹ የልጅ ልጆች በጀፎረው ዳር በቆመችው መኪና ውስጥ ያድራሉ። ጀፎረ ማለት፣ አይታችሁት ለማታውቁ፣ በመንደሩ መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ፣ በግራና በቀኝ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ይቦርቅበታል፣ ሽማግሌ ይሸመግልበታል።

ፈረንጆቹ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ግድግዳው በፋይበር የተሠራ ተጎታች ቤት ከመኪናቸው ጀርባ አስረው አገር ለአገር ይዞራሉ። የበኩር ልጄ በስልኩ እያሳየኝ “እማዬ፣ የሚያስፈልገን ይሄ ነው” ይለኛል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለው ቤት አለን፣ የጎደለው ጥገናው ነው እለዋለሁ።

የሣር ቤቱም ቢሆን ያለ ጥገና አይቆምም። ከመስቀል በፊት ሴቶቹ ግድግዳውንና ወለሉን ይለቀልቃሉ፣ ዕቃው ይወለወላል፣ ክዳኑ የሳሳበት ይታያል። ቤት ቢቃጠል እንኳ ጎረቤት እንጨትና ሣር ተሸክሞ ይመጣል። ለተጋጨች መኪና ግን ሣር የሚያመጣ የለም። ዕቁብም ዕድርም በደማችን ውስጥ ያለ ሕዝብ ሆነን፣ ኢንሹራንስ ሲባል ግን ትራፊክ ፖሊስ እንዳይቀጣን የምንለጥፈው ወረቀት አድርገን የምናየው ብዙ ነን።

የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ የግድ ነው። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተጀምሮ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተሻሽሏል። ይህ መድን የሚከፍለው መኪናችሁ በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው። የእናንተን የተጨረመተ ፓራውልት አያስጠግንም። በዚህ አዋጅ ውስጥ እኔ የምወደው ሌላ ነገር ነው፦ በመኪና አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። አዋጁ ሲወጣ የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በወልቂጤ በምሠራበት ዘመን በጅማ መንገድ ተገጭቶ የመጣ ሰው ዘመድ እስኪገኝ ካርድ ማን ይክፈልለት ተብሎ ሲፈለግ አይቻለሁና፣ የመጀመሪያዋ ሰዓት ምን ያህል እንደምትከብር አውቃለሁ።

የራሳችሁን መኪናና በውስጧ ያለውን ሰው የሚመለከተው ሌላው ሽፋን ነው። ሙሉ መድን ስትገቡ ተሳፋሪዎች መካተታቸውን፣ ስንት ሰውና በነፍስ ወከፍ ስንት ብር እንደሆነ በጽሑፍ አሳዩኝ በሉ። አንድ ዘመዳችን መኪናውን ከዓመታት በፊት በገዛበት ዋጋ እያሳደሰ ቆይቶ ነበር። በዚህ መካከል የመኪና ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከቱሉ ቦሎ አለፍ ብሎ ሲገለበጥ ሰው ተረፈ፤ የመድን ኩባንያው የከፈለው ግን ከጥገናው ወጪ ከግማሽ በታች ነበር። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ሚሊዮን ብር የምታወጣ መኪና በ500,000 ብር ከተመዘገበች ግማሿ ብቻ ዋስትና አላት ማለት ነው። ጥገናው 200,000 ብር ቢሆን የሚታሰብላችሁ 100,000 ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ባለቤቱ የሚሸፍነው ድርሻ ይቀነሳል። ብር ከውጭ ገንዘብ ጋር ያለው ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ያምናው ግምት ለዘንድሮ አይሆንም። ውል ከማደሳችሁ በፊት ገበያውን ጠይቁ።

ሌላው ፈተና አየር ጤና ላይ ይጠብቃችኋል። በመስቀል ዋዜማ መናኸሪያው ዙሪያ ሻንጣና ፌስታል ታቅፎ የቆመውን ሰው ስታዩ ሆድ ይባባል። በነፃ መጫን ጽድቅ ነው፤ ቦታ ካለ እኛም እንጭናለን። ታሪፍ መቀበል ግን የቤት መኪናን የንግድ ያደርጋታል፤ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው በውሉ ላይ ያለው አገልግሎት ይህ አልነበረም ብሎ እጁን ሊሰበስብ ይችላል። የሹፌሩ መንጃ ፈቃድም ለሚኒባስ የሚፈቅድ መሆን አለበት። አውቶሞቢል የሚነዳ የወንድም ልጅ “ትንሽ ልያዝልህ” ቢል ባለቤቴ ቁልፉን በኪሱ እንዳደረገ ይስቃል እንጂ አይሰጥም።

ወደ ወልቂጤ የምንነሳው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ሌሊት አንሄድም፤ በዚህ ነገር ቤታችን ውስጥ ክርክር የለም። በዓለም ገና፣ በተፍኪ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ነው። የመስከረም ጠዋት የበቾ ሜዳ ጤፉ ለምልሞ፣ አደይ አበባው በየዳሩ ፈክቶ ልጆቹን ዝም ያሰኛቸዋል። ከወሊሶ በኋላ እንሰቱ በየጓሮው እየበዛ ሲመጣ አዶት ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ፤ ማንም ሳይነግራቸው።

ወልቂጤ የመንገድ ከተማ ናት። አንዱ አስፋልት ወደ ጊቤ ቁልቁል ወርዶ ጅማ ይሄዳል፤ ሌላው ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ወደ ጉብሬ፣ ወደ እምድብር ይታጠፋል። የጅማ ከባድ መኪና ሁሉ የሚያልፍባት በመሆኑ ጎሚስታና ጋራዥ አይጠፋባትም፤ የብየዳ ቤቶቹም እጀ ብርቱዎች ናቸው። እኛ እዚያ ቁርስ በልተን ጎማ እናስነፋለን።

ስለ ጎማ ካነሳሁ አይቀር፣ እንደ እኛ ዓመቱን አብዛኛውን ቆማ የምትከርም መኪና ያላችሁ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎማ ሳይሮጥም ያረጃል። በጎኑ ላይ አራት ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ 2319 ቢል በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፤ አሥር ዓመት ከሞላው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ይወገድ። ስኮርታውም ጭምር! ስኮርታ ተረስቶ የሚኖር ጎማ ነው፤ የሚታወሰው ክሪክ ሲወጣ ነው። የፍሬን ሸራ መታየቱን ሁሉም ያውቃል፤ የፍሬን ዘይት ግን እርጥበት እየሳበ ስለሚደክም በየሁለት ዓመቱ መቀየር እንዳለበት የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ወደ ጊቤ ለሚወርድ ሰው ይህ ዋዛ አይደለም፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ እንጂ ፍሬን ላይ ቆሞ መውረድ አያዋጣም።

የማሻሻሉን ነገር በተመለከተ ልጄና እኔ ሁለት ዓመት ተከራክረናል። እሱ ቆዳ የሚመስል የመቀመጫ ልብስ፣ ስክሪንና ባለ ቀለም መብራት ነበር ያማረው። እኔ የፈለግሁት የመቀመጫ ቀበቶ ነበር። የአሮጌ ሚኒባስ የኋላ መቀመጫ ቀበቶ የለውም፤ ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ይቀመጥና በእናቱ እጅ ተይዟል ይባላል። በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ የእናት እጅ አሥራ አምስት ኪሎ ልጅ አይዝም። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በድንገተኛ ክፍል ከተቀበልኳቸው ልጆች ነው። ልጄ እሱንም ነግሬው ዝም አለ፤ በማግሥቱ ታፔሰሪ ቤት ሄደ። ቀበቶው የሚታሰረው ከመኪናው ሻሲ ወይም ከጠንካራው የወለል ብረት ጋር ነው፤ ከመቀመጫው ስፖንጅ ጋር ከተሰፋ ጌጥ ነው። ወንበር ነቅላችሁ ወይም ጨምራችሁ ከሆነ ደግሞ ለመድን ኩባንያው ማሳወቅና በዓመታዊው ምርመራ ማሳየት ነው።

ከቀበቶው ቀጥሎ ያሠራነው በወልቂጤ ብየዳ ቤት የተሠራች መርገጫ ናት። ሚኒባስ ለሽማግሌ ከፍ ይላል፤ በዚያ ዕድሜ አንድ ጊዜ መውደቅ ዳሌ መስበር ነው፣ ዳሌ ከተሰበረ ደግሞ ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ መቅረት አለ። መርገጫዋና በበሩ ዳር የተበየደው መያዣ ከሁሉም ወጪያችን ያነሱ ነበሩ፤ አዶት ግን በሰው ትከሻ መሸከም ቀረልኝ ብለው መርቀውናል።

ለመስኮቶቹ ከአጎበር የተቆረጠ መረብ ሰፍቻለሁ። መስከረምና ጥቅምት ዝናቡ የሚያባራበት፣ በቆላማው በጊቤ በኩል ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው፤ መስኮት ዘግቶ መተኛት ደግሞ ያፍናል። አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ፦ ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ማንደጃ መኪና ውስጥ አታስገቡ። የሚያጨስ ባይሆንም፣ ፍም ብቻ ቢሆንም። ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል። ብርድ ልብስ ይደረብ። ቡታጋዝም ከሰው ጋር አይጫን።

ባለቤቴ ስኳር አለበት። ኢንሱሊኑን ፀሐይ ላይ በቆመች መኪና ውስጥ አንተውም፤ ያበላሸዋል። በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለች ትንሽ እንስራ ውስጥ በአማቴ ጓዳ ይቀመጣል። ከመንገዳችን ሳንርቅ አጣጥ ሆስፒታል መኖሩም ልብ ያሳርፋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካቶሊክ መነኮሳት የተመሠረተ ነው፤ ከሩቅ መንደር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይጀምራቸው የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያው በሙያችን ውስጥ ስሙ የተጠራ ነው። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀሉ 907 በመኪናዋ ፊት መስታወት ጥግ ተጽፎ ተለጥፏል።

የጎመን ክትፎው ቀን አልፎ፣ እርዱም ተፈጽሞ፣ ዘመድ ከተጠገበ በኋላ ወደ ቡታጅራ እንነሳለን። በሁለቱ ከተሞች መካከል የዘቢዳር ተራራ አለ። ልጄ በተራራው ላይ እናቋርጥ ይላል፤ ባለቤቴ የተጫነች አሮጌ መኪና ይዞ አዲስ ዳገት አይሞክርም፤ ስለዚህ ወደ ዓለም ገና ተመልሰን በሌላኛው መንገድ እንወርዳለን። ዙሩ ነዳጅ ይበላል። ልጆቹ ግን ይጠቀማሉ፦ በአዋሽ ድልድይ አጠገብ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጡሬ፣ ቀጥሎም የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። ጢያ 36 ድንጋዮች አሉት፤ ሰባት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ በየዓመቱ ትቆጥራቸውና በየዓመቱ የተለየ ቁጥር ታመጣለች።

ይህ የቡታጅራ መንገድ ራሱ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ገንዘብ እያዋጡ፣ መንግሥትም የድርሻውን እያከለ ወደ አገር ቤት የሚያደርሱ መንገዶች አስከፍተዋል። አማቼ ከሱቃቸው ትርፍ የከፈሉበትን ደረሰኝ እስከ ሞታቸው አኑረውት ነበር።

ቡታጅራ ከወልቂጤ ይልቅ ነፋሻ ናት፤ አሁን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። ለጤና ሰው ደግሞ ስሟ ሌላ ትርጉም አለው፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገቡ ያጠኑባት ከተማ ናት። በአረፋ ጊዜ ደግሞ በመስቀል እንደምናየው ሁሉ የሙስሊሙ ቤተሰብ ከየአገሩ ወደዚህ ይጎርፋል፤ የምራቴ ጎረቤቶች መኪና ሲያጡ የእኛዋን ተውሰው ያውቃሉ። ያን ጊዜም ቢሆን ሹፌሩ ባለቤቴ ነው።

ከቡታጅራ የምንጭነው የማረቆ በርበሬ፣ ቆጮና ድንች ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የምራቴ እናት ደግ ናቸው፤ አንድ ማዳበሪያ ሲባሉ ሦስት ያስጭናሉ። ፖርቶ መጋላ ላይ የተቆለለ ከባድ ጭነት ግን መኪናን ከላይ ያከብዳታል፤ መታጠፊያ ላይ የምታዘነብለው ለዚህ ነው። ከባዱ ከታች፣ ወለሉ ላይ፤ ቀላሉ ከላይ። በርበሬው ልጆቹን እንዳያስነጥስ በሁለት ፌስታል ይታሰራል፤ ያም ሆኖ እስከ ዓለም ገና ማስነጠስ አይቀርም።

ዘንድሮ ውላችን የሚያበቃው መስከረም 8 ስለሆነ ከጉዞው በፊት በአዲሱ ግምት እናሳድሰዋለን። የቀረን የመጨረሻው ረድፍ ሦስት ቀበቶ ነው፤ ታፔሰሪው ለነሐሴ 28 ቀጥሮናል።