ባለ እንጨት እግሩ ሰው እስኪገባ ድረስ

በቅርቡ እኛ ባልና ሚስት በአንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ምክንያት ሦስት ሌሊት አምሽተናል። መጋቢና ባለቤቱ ልብ ወለድ ያነባሉ ወይ የሚል አይጠፋም። አዎን፣ እናነባለን፤ ደስም ይለናል። ከአንድ የነገረ መለኮት ኮሌጅ የወጣን ሰዎች ብንሆንም፣ ማታ ማታ ሐተታ መጻሕፍትን ብቻ ማገላበጥ አንችልም።

መጽሐፉን ያገኘነው ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ነው። ጃኔት ሉዊስ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «የማርቲን ጌር ሚስት» ነው። ቀጭን ነው፤ ታሪኩም በ16ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ በእውነት የሆነ ነው። የቆዩ የፍርድ ቤት ጉዳዮች የተሰበሰቡበትንና መነሻ የሆናትን መጽሐፍ ለደራሲዋ የሰጣት ባለቤቷ ገጣሚው ኢቮር ዊንተርስ መሆኑን ስናውቅ ሳቅን። ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ስጦታ ይህ ነው?

አንዳችን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላችን ያዳምጣል። መጨረሻውን ስለምናወራ ልታነቡት ያሰባችሁ ይቅር በሉን።

በአርቲጋ መንደር ማርቲንና በርትራንድ ገና ልጆች ሳሉ ይዳራሉ። አድገው ወንድ ልጅ ይወልዳሉ። አንድ ቀን ማርቲን ከአባቱ ጎተራ የዘር ስንዴ ይወስድና ቁጣውን ፈርቶ ለስምንት ቀን ዞር ልበል ብሎ ይሄዳል። ስምንት ዓመት ይቀራል። ሲመለስ እህቶቹ አቅፈው ይቀበሉታል፤ አጎቱም እርሱ ነው ይላል። የሄደው ኮስታራ ነበር፤ የመጣው ግን ደግ፣ ተጫዋች፣ ሚስቱን አክባሪ ነው። ሌላ ልጅ ይወለዳል። በርትራንድን ግን በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል አንድ ሐሳብ ይነክሳታል፦ ይህ ሰው ባሌ ባይሆንስ? ስትናገረው የሚያምናት ታጣለች። እንዲህ ያለ ባል አግኝታ ምን ሆና ነው?

ክርክራችን የተነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዳችን «ዝም ብትል ምን ነበረበት? ልጆቹ አባት አገኙ፣ ቤቱም ሞላ» አለ። ሌላችን ይስሐቅን አነሣ። ይስሐቅ እኮ ድምፁን ሰምቶ ጠርጥሯል (ዘፍጥረት 27)፤ ነገር ግን የተዳሰሰው እጅ፣ የቀረበው መብልና የልብሱ ሽታ ጥርጣሬውን አሸነፉት። የሚወድ ሰው ሲታለል የአታላዩን ሥራ ግማሹን ራሱ ይሠራለታል። የእኛም ክርክር በዚያ ሌሊት አላለቀም።

የፍርዱ ክፍል እንቅልፍ ይነሣል። ፎቶግራፍና መታወቂያ የለም። በእውነተኛው ችሎት በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ብቻ ወደ 150 የሚጠጉ ምስክሮች ቀርበው ነበር፤ ብዙዎቹም ይሁን አይሁን መለየት አልቻሉም። ጫማ ሰፊው የማርቲን እግር ከዚህ ሰው እግር ይበልጥ እንደነበር መሰከረ። ሰውየው ግን የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል። በይግባኝ የቱሉዝ ዳኞች በነፃ ሊለቁት ሲያዘነብሉ፣ አንድ ባለ እንጨት እግር ሰው ችሎቱ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. 1560 ነው። አስመሳዩ አርኖ ዱ ቲል በመስከረም ወር በማርቲን ቤት ፊት ለፊት ተሰቀለ። (ጉዳዩን መርምሮ የጻፈው ዳኛ ዣን ደ ኮራስ የተሐድሶው ወገን ነበር፤ በ1572 በቱሉዝ ተገደለ። በኮሌጅ ስለ ሁጉኖቶች ስንማር ስሙን ያነሣልን አልነበረም።)

እውነተኛው ማርቲን ሲመጣ ዕልል የምንል መስሎን ነበር። እርሱ ግን በልቦለዱ ውስጥ ሚስቱን አላቀፋትም፤ ሌላው ቢሳሳት አንቺ ልትሳሳቺ አይገባም ነበር ብሎ ወቀሳት። እውነቱን አገኘች፤ ሌላ ምንም አላገኘችም።

መጽሐፉን ዘግተን ዝም አልን። ብዙ ቆይቶ ከእኛ አንዱ መናገር ጀመረ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ዘመድ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ነበር። ዘመዱ ጠፋ፣ ዕዳው ዋሱ ላይ መጣ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዙ ተከፈለ። ለሌላችን የተነገረው ግን ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የተገባ ቃል መሆኑ ነበር። ሌላችንም አምኖ በጸሎት አመሰገነ። ለልጆቹ የበዓል ልብስ ሳይገዛ ሲቀር «ለጌታ ቤት ነው» እያለ ያባበላቸውም እርሱ ነበር።

እነዚያን ዓመታት ሁሉ ለሚጋቡ ወጣቶች ስለ ግልጽነት አስተምረናል።

መልሱ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ዕዳውስ ይሁን፤ ያመሰገንሁትን ምስጋና ምን ላድርገው?» የሚል ነበር። ለዚህ መልስ አልነበረንም። በዚያ ሌሊት እንደ ልማዳችን አብረን ሳንጸልይ ተኛን። በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን፣ አንዳችን ሌላችንን ሳንጠራ ሳሎን ውስጥ ተንበርክከን ተገኘን፤ ከለቅሶ በቀር ብዙ ቃል አልወጣንም።

ቅዳሜ ሁለት እጮኛሞች ለጋብቻ ትምህርት ወደ ቤታችን መጡ። ቡና አፈላን። ስለ ግልጽነት የሚናገረው ትምህርት ላይ ስንደርስ ተያየንና ማስታወሻውን ዘግተን ስለዚያ ዋስትና መናገር ጀመርን።